እመጫት ዳገት ስትወጣ

«ሙሉ ጭና ዳገቱን ሳትቆም ካልወጣች፣ ነገ በጠዋት ናና ውሰዳት» አለ ባሏ በስልክ። እሷ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ፊቷን እየታጠበች ነበር፤ የማድ ቤቱ መስኮት ክፍት ስለነበረ እያንዳንዱ ቃል ከሳሙናው ጋር ዓይኗ ውስጥ ገባ። ነገሩን ለማያውቅ ጎረቤት፣ ሰውዬው ሚስቱን ለሌላ የሚያስረክብ ይመስላል። የሚያስረክበው ግን የጭነት መኪናዋን ነው። «መኪናዋ» ማለትም ቢሆን ያከራክራል፤ የገዛት እሱ ነው፣ ሊብሬዋም በሱ ስም ነው። እሱ ወገቡን ከተጎዳ ወዲህ ግን መሪ የጨበጠችው፣ ዘይት ያስቀየረችው፣ የተነፈሰ ጎማ ያስሞላችው፣ ከጫኝና አውራጅ ጋር ጉሮሮዋ እስኪደርቅ የተከራከረችው ሚስቱ ናት። ታዲያ ሳይጠይቋት ሊሸጡባት መሆኑን ሰምታ ብትከፋ ማን ይፈርድባታል?

ፊቷን አድርቃ ገባች፤ እንዳልሰማች ሆና ሻይዋን ቀዳች። በዚህ ቤት ነገር የሚብላላው በሆድ ነው። ባሏ የማጥፋት ሰው ነው፤ ሰው ከክፍል ሲወጣ መብራቱ ይጠፋል፣ ውሃው ሲፈላ ምድጃው ይጠፋል፣ ዜናው ሲያልቅ ሬዲዮኑ ይጠፋል፣ መኪና ሲቆም ደግሞ ጎማው ገና ሳይረጋ ሞተሩ ይጠፋል። ነዳጅ በከንቱ ሲቃጠል መስማት ሥጋው የሚቆረስ ያህል ያመዋል። መንዳት ያስተማራት እሱ ስለሆነ ልማዱ እሷም እጅ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ወሬውም እንዲሁ ነው፤ «ዳቦ አለ?» «አለ» ከተባባሉ በኋላ ይጠፋል። የባሏ አባት ከልጃቸው ይብሳሉ። እዚህ ቤት ከገቡ ጀምሮ ከምራታቸው ጋር ያወሩት ሁሉ ተሰብስቦ ቢመዘን አንድ ኪሎ አይሞላም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ የዚህ ሰፈር ዝንብ መግቢያ አጥታ ሳትሰደድ አትቀርም።

ገበታው ላይ ሳሙናም ሎሚም ያላስለቀቀው ክብ የዘይት ምልክት አለ። የሞተር ጉልበት የሚጨምረው ቱርቦ የሰነበተበት ቦታ ነው። አማቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ብረት መቅረጫ ቶርኖ ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ከወዳደቀ ብረት መሸጫ፣ ተገልብጦ ከተቆራረጠ የጭነት መኪና የተፈታ፣ ቀንድ አውጣ የሚመስል ብረት በጆንያ ይዘው መጡ። ሊጥ በምታቦካበት ሳፋ ውስጥ በናፍጣ አጠቡትና ፎጣ አንጥፈው ገበታው ላይ አኖሩት፤ ቤተሰቡም ሳህኑን ዙሪያውን ደርድሮ፣ ብረቱን እንደ ክቡር እንግዳ መሃል አስቀምጦ ሲበላ ሰነበተ። እሳቸው በምግብ መሃል ጣታቸውን ሰደድ አድርገው የውስጡን ማራገቢያ ያሽከረክሩና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ባልየው አልወደደውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ለዚች ባለ አራት ፒስተን ሞተር ቱርቦ ቢያስፈልጋት ኖሮ የሠራት ፋብሪካ ራሱ ይገጥምላት ነበር አለ። አባትየው ማራገቢያዋን አንዴ አሽከረከሯትና «ፋብሪካው የኛን ዳገት አላየውም» አሉ። የዚያ ሰሞን ረጅሙ ንግግራቸው ይሄ ነበር።

ዳገቱ ከብሎኬት ማምረቻው ተነስቶ፣ አዳዲስ ቤቶች እስከሚሠሩበት ጉብታ ድረስ የሚወጣ ጠባብ መንገድ ነው። ወገቡ ላይ አንድ ክፉ ጥምዝ አለው። ባሏ የወደቀው እዚያ ነው። ያን ቀን ረዳቱ ቀርቶበት ብቻውን ነበር፤ ሙሉ ጭነት ይዞ ጥምዙ ላይ ሲደርስ ሞተሩ ሞተበት፤ መኪናዋ ወደ ኋላ ሳትንሸራተት ጎማዋ ሥር ታኮ ላስገባ ብሎ ዘሎ ሲወርድ እግሩ አሸዋ ላይ ከዳውና በወገቡ የመንገድ ዳሩ ቦይ ጠርዝ ላይ አረፈ። መኪናዋ እኮ ንቅንቅ አላለችም፤ የእጅ ፍሬኗ ይዟት ነበር። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ያለ ከዘራ ሁለት እርምጃ አይሄድም። ሚስቱ መሪውን ስትረከብ ግማሽ ብቻ እየጫነች ትወጣ ጀመር፤ ሌላው ባንዴ የሚያደርሰውን እሷ ሁለቴ ትመላለሳለች፤ ሰው ቤቱ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ እሷ ገና ዳገት ላይ ናት። ጫኞቹም ለመኪናዋ «እመጫት» የሚል ስም አወጡላት፤ ከባድ አታነሳም፣ ቀስ ብላ ነው የምትራመደው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ስሙን አገር ከጠራው በኋላ መጨረሻ የሰማችው ባለመኪናዋ ነበረች።

ሽማግሌው ቱርቦውን ከገጠሙት በኋላ ባዶዋን ሞክረዋታል፤ ሙሉ ጭኖ መውጣት የዛሬ ነው። አማቷ ማልደው ተነስተው፣ ለሰርግና ለለቅሶ ብቻ የሚወጣውን ኮታቸውን ለብሰው፣ የመፍቻ ቦርሳቸውን ይዘው ጋቢና ውስጥ ተቀምጠው ጠበቋት። ባሏ በር ላይ ቆሞ ፔርሙዙን አቀበላት። ዓይኗን አላየም፤ እሷም ዓይኑን አልፈለገችም። «ቀስ ብለሽ» አላት። ይቺን ቃል በሌላ ቀን ብትሰማት እንደ ምርቃት ትቆጥራት ነበር፤ ዛሬ ግን የሸጣትን መኪና እንዳትጭርበት የፈራ ነጋዴ መሰላት። «ደህና ዋል» ብላው ቁልፉን አዞረች። ሰፈሩን እስኪወጡ ድረስ ጋቢናው ውስጥ የሚያወራው ከኮፈኑ ሥር የሚመጣው አዲሱ ቀጭን ፉጨት ብቻ ነበር።

ማምረቻው በር ላይ ተራ አስከባሪው እንደ ልማዱ ግማሽ ሊያስጭንላት ሲል ሙሉ አለችው። ሰውዬው ብዕሩን ከጆሮው ላይ አውርዶ አያት። የመኪናዋን አፍንጫ አየ፣ ባለ ኮቱን ሽማግሌም አየ። ጥምዙ ላይ ቆመሽ መንገድ ብትዘጊ የሚረዳሽ የለም፣ የሰውዬሽን ነገር ደግሞ እኔ አልነግርሽም አላት። አልተሳሳተም፤ ክፋትም አልነበረውም። ጫኞቹ ግን ቀኑ የነሱ ሆነ። እመጫቷ ከአራስ ቤት ወጣች ተባባሉ፤ አንዱ ብሎኬት በደረደረ ቁጥር «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያለ አዜመላት። ሌላ ጊዜ አብራቸው ትስቅ ነበር። ዛሬ የመኪናዋ ጀርባ ከጭነቱ ሥር እየሰመጠ ሲሄድ በመስታወት እያየች፣ ይህን ሁሉ ብሎኬት ሳይሆን የነገውን ጠዋት የሚጭኑባት መሰላት። ይቺ መኪና ከሄደች እሷ ወደ ሰው ቤት ሥራ፣ ባሏ ወደ መስኮቱ ወንበር፣ ሽማግሌውም ወደ ዝምታቸው ነው። ሌላ መኪና የሚገዛ አቅም ከየት ይመጣል?

ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ጀመረችው። የድሮዋ እመጫት እዚህ ጋ ነበር ማቃሰት የምትጀምረው፤ ዛሬ ፉጨቱ ከፍ አለና አንድ ሰው ከኋላ ትከሻውን ሰጥቶ የሚገፋት ያህል ወደ ፊት ገሰገሰች። የሹፌሯ ከንፈር ሳታዝዘው ፈገግ አለ። አማቷ በሰው አማርኛ፣ በየቀኑ አንድ አንድ ቃል እየጣሉ ነገሩን አስረድተዋት ነበር፤ ሞተሩ የሚተፋው ጭስ በከንቱ ከሚሄድ ማራገቢያዋን ያዞራል፣ ማራገቢያዋ ደግሞ ለሞተሩ አየር ታጎርሰዋለች፤ አየር የጠገበ ሞተር ነዳጁን አጥርቶ ያቃጥላል፣ ጉልበቱም ከዚያ ነው። ግን ጉልበት ባለበት ሙቀት አለ። ለዚህ ብለው ጭስ ማውጫው ላይ የሙቀት መለኪያ ገጥመው፣ የመለኪያው መስታወት ላይ የማይታለፈውን መስመር በምራታቸው ቀይ የጥፍር ቀለም አስምረዋል። ሲያሰምሩ አልጠየቋትም። ሽማግሌው መንገዱን አያዩም፤ ዓይናቸው ከዚያች ቀይ መስመር አልተነቀለም።

ጥምዙ ሲመጣ ፈገግታዋ ጠፋ። እግሯ በገዛ ራሱ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠ፤ ፍርሃት እግር ላይ ይከብዳል። መኪናዋ መጎተቷን ቀጠለች፣ ግን ከኋላ ጥቁር ጭስ ተከመረ፤ የመለኪያው ቀስት ወደ ቀዩ ተጠጋ፣ ነካው።

«ነዳጁን ልቀቂና ወደ ሁለተኛ ቀይሪ» አሉ አማቷ።

«እዚህ?» አለች።

«እዚሁ።»

እዚህ ማለት ባሏ የወደቀበት የቦይ ጠርዝ በግራዋ በኩል የሚታይበት ቦታ ነው። እዚህ እግሯን ካነሳችና ማርሹ እንቢ ካለ፣ መኪናዋ ቆመች፤ መኪናዋ ከቆመች ነገ በጠዋት ገዢው ይመጣል። ካላነሳችም ምናልባት እየተቃጠለች ትወጣለች፤ ምናልባት። አማቷ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ፣ ነዳጁ ከአየሩ በዝቷል፣ በዚህ ከቀጠልሽ ፒስተኑ ይቀልጣል፣ ማርሹን ዝቅ ብታደርጊላት ግን ሞተሩ ፈጠን ይልና አየሩን ራሱ ያመጣል አሏት። በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ሲናገሩ ሰምታቸው አታውቅም። ሥራቸው ነው፣ እሳቸው ያሉት ይሁን አለች በሆዷ። ነዳጁን ለቀቀች፣ ፍሪሲዮን ረገጠች፣ ማርሹን ጎተተች። መኪናዋ ለቅጽበት ሳትሄድም ሳትቆምም ተንጠለጠለች። ከዚያ ሁለተኛው ገባ። ፉጨቱ ወደ ላይ ተመዘዘ፣ ጭሱ ነጣ፣ ቀስቱ ከቀዩ ሸሸ፣ እመጫትም ሙሉ ብሎኬቷን ተሸክማ ጥምዙን ዞረች። የቦዩ ጠርዝ በመስታወቱ ውስጥ እያነሰ ሄዶ ጠፋ።

ጉብታው ላይ፣ የሚሠሩት ቤቶች ደጃፍ እንደቆመች እጇ የለመደውን አደረገ። ጎማው ሳይረጋ ቁልፉን አጠፋች። ዳገት የወጣ ሰው ደስታ ላይ ስለነበረች የአማቷ ፊት ለምን እንደተለወጠ አልገባትም።

«አስነሺ! አሁኑኑ አስነሺው!»

አስነሳችው። ሽማግሌው ጆሯቸውን ወደ ኮፈኑ አዘንብለው ትንሽ ቆዩና ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ከዳገት መጥቶ ሞተር ባንዴ አይጠፋም አሏት፤ ያቺ ማራገቢያ እንደ ፍም ግላ እየተሽከረከረች ነው፣ የሚያቀዘቅዛት ከሞተሩ የሚመጣው ዘይት ነው፤ ሞተሩን ካጠፋሽው ዘይቱ ይቆማል፣ የቀረው ዘንጓ ላይ አርሮ እንደ ድስት ቂጥ ይጣበቃል። ቀስቱ እስኪወርድ ሞተሩ በዝግታ ይሥራ፣ እኛም ቁጭ እንላለን። እሷ ምን ይዋጠኝ አለች። የሰው ልፋት በአንድ ጣት ልታጠፋ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ለሷ የተተረተ ሳይሆን አይቀርም። እሳቸው ግን አልተቆጡም፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሳልነግርሽ ቀርቼ ነው፣ ነገር መናገር እረሳለሁ አሉ። ይህን ሲሉ እንደ መሳቅ አላቸው።

አውራጆቹ ብሎኬቱን ማውረድ ጀመሩ። ሁለቱ ጋቢና ውስጥ ቁጭ እንዳሉ ቀሩ። ይህ ቤተሰብ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም፤ የሚሠራ የለ፣ የሚጠፋ የለ፣ ተነስቶ የሚሄድ የለ። ከፔርሙዙ ሻይ ቀዳችላቸው። እሳቸው ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ድንገት ስለ ልጃቸው ጀመሩ። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ከመስኮቱ አይነቃነቅም አሉ። ከሰፈሩ መግቢያ ጀምሮ የመኪናዋን ድምፅ ይለየዋል። መኪናዋን እስኪሰማት ድረስ ውሃ እንኳ ቢሰጡት አይጠጣም፤ ከሰማት በኋላ ግን ሽንኩርት መላጥ ይጀምራል፣ ስትገቢ ሥራ ላይ እንድታገኚው ነው።

«ንቆሽ መስሎሽ እንዳይሆን» አሉ። «ልጄ ፈርቶ ነው። እዚያ ጥምዝ ላይ በየቀኑ ካንቺ ጋር ይወድቃል። መኪናዋ ብትሸጥ መውደቁ የሚቀርለት መስሎታል።»

ጠዋት ከሳሙናው ጋር የገባባት ቃል ሌላ ቃል ሆኖ ታያት፤ ንዴቷ ሁሉ ባይወጣላትም ግማሹ ሄደ። ይሄ ሽማግሌ ሊጥ ሳፋዋን ያበላሸባት፣ የጥፍር ቀለሟን የጨረሰባት፣ ልጁ ዳግመኛ እንዳይወድቅ ይሁን ምራቱ እንዳትወድቅ ሳይለይ፣ አንድም ቀን ሳይናገር በብረት ሲናገር ነበር የከረመው። እግዜር ይስጥልኝ አባባ ልትል አፏን ከፈተች፤ ዓይኗ ቀድሞ ሞላና ቃሉ አልወጣም። ሽማግሌው አይተዋል። «ዘይቱን አመስግኚ» አሉና አሁን ማጥፋት ትችያለሽ አሏት። ሞተሩ ጠፋ። ማራገቢያዋ ስትዞር፣ ስትዞር፣ ሳትንቋቋ በቀስታ ስትቆም ሁለቱም ጆሯቸውን አዘንብለው ሰሙ። ደህና ነበረች።

ቀኑን ሙሉ ተመላለሱ፤ ሁሌም ሙሉ ጭነው፣ ሁሌም ሳይቆሙ። ጥምዙ አልቀለለም፤ በየጊዜው መዳፏ ያልባል። ጉብታው ላይ በቆሙ ቁጥር ግን ቀስቱ እስኪወርድ ድረስ ወሬ ሆነ። አማቷ የሟች ሚስታቸውን ቀልድ ነገሯት፣ መጀመሪያ ቶርኖ ላይ ሲቆሙ ስንት ብረት እንዳበላሹ ነገሯት፣ ከፍታ እንደሚፈሩና ዳገቱን ስትወጣ ዓይናቸውን ከመለኪያው ያልነቀሉት ለሙቀቱ ብቻ ብለው እንዳልሆነ ነገሯት። እሷም ሹፌር ሆና የመጀመሪያ ቀን አልቅሳ እንደነበር ነገረቻቸው፤ ለማንም ያልነገረችውን። ተራ አስከባሪው እመጫት ፉጨት ለመደች ብሎ ከበር ወጥቶ ተቀበላቸው፤ ያዜመባት ጫኝም የሻይ ዋጋ በጨመረበት ዘመን ከራሱ ኪስ ሁለት ሻይ ላከ። የሰው ልጅ ደግነት የሚወጣው ዳገት ከወጡ በኋላ ነው። ቢሆንም አመሰገነችው፤ ያን ቀን ለማመስገን ሰበብ አላጣችም።

ሌሎቹ ሹፌሮች ወደየቤታቸው ሲመለሱ እሷም አብራቸው ተመለሰች። ገና ፀሐይ ነበር። ግቢው ውስጥ አቆመችና እጇን ከቁልፉ ላይ አነሳች። ሞተሩ እያጉረመረመ ቀጠለ። ትንሽ እንደቆየ በሩ ተከፈተና ባሏ ከዘራውን ተደግፎ ወጣ። ፊቱ ላይ ያ የሚቃጠል ነዳጅ ሕመም ነበር። ምን ሆና ነው የማትጠፋው ብሎ ጠየቀ። አባቱ በሩን ከፍተው ወደ መሃል ተጠጉለትና ግባና ተቀመጥ፣ ነገሩ ጊዜ ይወስዳል አሉት። ባሏ ያንን የጋቢና ደረጃ ከወደቀ ወዲህ ረግጦት አያውቅም። እጀታውን ያዘ፤ አባቱ ክንዱን ያዙት፤ ሁለት ጊዜ ሞክሮ በሦስተኛው፣ ጥርሱን ነክሶ ወጣ። ሦስቱ ባንድ ወንበር ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ወጣሽ ወይ ብሎ አልጠየቀም።

«ገዢውን አትምጣ ብዬዋለሁ» አለ።

«መቼ?»

«ጠዋት። ከግቢ እንደወጣችሁ ነው የደወልኩለት።»

ዘወር ብላ አየችው። ቀኑን ሙሉ፣ እያንዳንዱን ጥምዝ፣ የነገውን ጠዋት ተሸክማ ነበር የወጣችው። ለምን አልነገርከኝም አለችው።

«ዳገት ላይ ሆነሽ ስልክ እንድታነሺ?» አለ። ከዚያ ከዘራውን እያሻሸ፣ የሚሸጥ መኪና የያዘ ሹፌር ይቸኩላል፣ እኔም ቸኩዬ ነው የወደቅሁት፤ ይህን ያሰብኩት አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው፤ ወጣሽም ቀረሽም መኪናዋ ያንቺ ናት አላት። ይህን ሁሉ ተናግሮ ሲጨርስ የደከመው ይመስል ነበር።

ልትቆጣው የያዘችው ብዙ ነገር ነበር፤ ፈልጋ አጣችው። ያለው ምስጋና ብቻ ነበር፤ ለሱ፣ መሃል ላይ ኮታቸው ተጨማድዶ ለተቀመጡት ሽማግሌ፣ ለዚያች ያገለገለች ብረት። እግዜር ይስጣችሁ አለች፤ በቀኑ ውስጥ እንቢ ያላት ቃል አሁን ወጣ። ሁለቱም ወንዶች የሚያዩበት አጥተው ቀስቱን አዩ።

«እስቲ እንዴት አድርገሽ እንደወጣሽ ንገሪኝ» አለ ባሏ።

ከሥር ጀምራ ነገረችው፤ በሦስተኛ እንደተነሳች፣ እመጫት ታቃስትበት የነበረው ቦታ ጋ ፉጨቱ ከፍ እንዳለ፣ እግሯ በፍርሃት እንደከበደባት፣ ጭሱ እንደጠቆረ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። ነዳጁን ለቀቅሁና ፍሪሲዮን ረገጥኩ ስትል፣ ያ ደካማ እግሩ ምንም በሌለበት ቦታ ወለሉን ረገጠ፤ እጁም ከአባቱ ጉልበት በላይ አየሩን ጨብጦ ወደ ሁለተኛ ጎተተ።

«ከዚያስ?» አለ፤ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ከዚያማ» አለችው፣ «ወጣን።»